የ10 ዓመት የበግ መዝገብ ለመንዝ፦ ዳታቤዙን ከየት እንጀምር?

ሞላሌ_ዳታ · ኅዳር 9፣ ማታ 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በመንዝ ማማ ምድርና በመንዝ ጌራ ምድር በ4 የአርሶ አደር የበግ ዝርያ ማሻሻያ ማኅበራት መዝገብ ሊጀመር ነው። በአንድ ማኅበር 60 ያህል ቤተሰብ አለ፣ በቤት በአማካይ 10 እናት በግ። ግልገል ሲወለድ፣ በ3 ወር፣ በ6 ወርና በዓመቱ ይመዘናል። ከዚሁ ጋር በየማኅበሩ አንድ የዝናብ መለኪያ ይነበባል። ሥራው የ10 ዓመት ነው። ያለን 8 የመስክ መዝጋቢ፣ አንድ ቢሮና አንድ ላፕቶፕ ነው። ኔትወርክ የማይደርስበት ጎጥ አለ፣ መብራትም ይሄዳል።

አሁን የተዘጋጀው ኤክሴል ነው፤ አንድ ሺት ለአንድ ማኅበር ለአንድ ዓመት። የበጉ መለያ ወረዳ፣ ቀበሌ፣ የውልደት ዓመትና ተራ ቁጥር ሆኖ ታስቧል፤ ለምሳሌ ማማ-03-18-042። ይህ 10 ዓመት ያስኬደናል ወይስ ከወዲሁ መቀየር አለበት?

ሰንጠረዥ_ሠሪ · ኅዳር 9፣ ማታ 3፡40

መጀመሪያ ብዛቱን እናስላው፤ «የ10 ዓመት ዳታ» ሲባል ሰው ያለ ምክንያት ይደነግጣል። 4 ማኅበር በ60 ቤት በ10 እናት 2,400 እናት በግ ነው። አንዷ በዓመት አንድ ግልገል ብታደርስና 4 ጊዜ ቢመዘን 9,600 ረድፍ ይሆናል፤ በ10 ዓመት 96,000። አንድ የኤክሴል ሺት 1,048,576 ረድፍ ይይዛል። ስለዚህ ኤክሴሉ በብዛት አይወድቅባችሁም፤ የሚወድቅባችሁ በቅርጹ ነው። በእናንተ አሠራር በ10 ዓመት 40 ሺት ይኖራችኋል። በ2018 የተወለደች ቄብ በ2020 እናት ሆና ስትመጣ ቁጥሯ ሌላ ሺት ላይ እንደገና በእጅ ይጻፋል። እዚያ አንድ አኃዝ ከተሳሳተ የእናትና የልጅ ዝምድና ተቆረጠ ማለት ነው፤ የዝርያ ሥራ ሀብቱ ደግሞ ያ ዝምድና ነው።

በሰንጠረዥ ክፈሉት። በግ፦ መለያ፣ ፆታ፣ የውልደት ቀን፣ እናት፣ አባት፣ ነጠላ ወይስ መንታ። ሚዛን፦ የበግ መለያ፣ ቀን፣ ኪሎ፣ የሚዛኑ ቁጥር፣ መዝጋቢ። የጆሮ ቁጥር፦ የበግ መለያ፣ ቁጥር፣ ከመቼ፣ እስከ መቼ፣ ለምን ተቀየረ። ይዞታ፦ በግ፣ ባለቤት፣ አርቢ፣ ከመቼ፣ እስከ መቼ። ባለቤትና አርቢ ለየብቻ ይሁኑ፤ በየርቢ የተሰጠች በግ ባለቤቷ አንድ ቤት፣ የምታድረው ሌላ ቤት ነው፤ አንድ ዓምድ ካደረጋችሁት መዝጋቢው አንዴ ይህን አንዴ ያንን ይጽፋል። መውጫ፦ ተሸጠች፣ ሞተች፣ ታረደች፣ አውሬ በላት፣ ጠፋች።

«የ3 ወር ኪሎ» የሚል ዓምድ አታድርጉ። ልክ በ90ኛው ቀን የሚመዘን ግልገል የለም። ኪሎውንና ቀኑን መዝግቡ፤ ማስተካከያው በስሌት ይወጣል። ሲወለድ 2.4 ኪሎ የነበረ፣ በ97 ቀኑ 10.1 ኪሎ የተመዘነ ግልገል፦ 10.1 ሲቀነስ 2.4 = 7.7፤ ለ97 ተካፍሎ በ90 ሲባዛ 7.14፤ 2.4 ሲደመር 9.54 ኪሎ። ዓምዱን «የ3 ወር» ብላችሁ 10.1 ብትጽፉ ኖሮ ያ ጠቦት ከጎረቤቱ ያለ አግባብ ይበልጥ ነበር፤ አውራ ሆኖም ይመረጥ ነበር።

ስለ መለያው፦ ማማ-03-18-042 መልኩ ያምራል፣ ግን ተዉት። ትርጉም ያዘለ መለያ ትርጉሙ ሲቀየር ይዋሻል። በጓ ወደ ሌላ ቀበሌ ትሸጣለች። የውልደት ዓመቷ ተሳስቶ ይገኛል። ወረዳውም ቢሆን አይታመንም፤ ዛሬ ማማ ምድርና ላሎ ምድር ለየብቻ የምትሏቸው ትናንት አንድ ላይ «ማማ ምድርና ላሎ» ነበሩ። ከ100001 የሚጀምር ባዶ ተራ ቁጥር ስጡ፣ ከኋላው ሁለት የመቆጣጠሪያ አኃዝ ጨምሩ። አኃዞቹ ቁጥሩ ለ97 ሲካፈል የሚተርፈው ናቸው። 100042 ለ97 ሲካፈል 35 ይተርፋል፤ መለያው 100042-35። መዝጋቢው አገላብጦ 100024-35 ቢጽፍ ቀሪው 17 ስለሆነ ማሽኑ እምቢ ይላል። የአንድ አኃዝ ስህተትንም፣ ጎን ለጎን ያሉ አኃዞች መለዋወጥንም ሁሌ ይይዛል።

ባለ_ጳጉሜ · ኅዳር 10፣ ጠዋት 1፡20

ከላይ ያለው ሁሉ ልክ ነው። ቀን ላይ ካልተጠነቀቃችሁ ግን እሱም አያድናችሁም።

ኤክሴል የኛን አቆጣጠር አያውቅም፤ አላውቅም ብሎም አይናገርም። ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አቀማመጥ ላይ ነው እንበል። መዝጋቢው የካቲት 12ን 12/06/2018 ብሎ ሲጽፍ ኤክሴሉ የፈረንጅ ዲሴምበር 6 ያደርገዋል። ጥቅምት 30ን 30/02/2018 ብሎ ሲጽፍ ወሩ 30 ሊሆን አይችልም፣ ፌብሩዋሪ 30ም የለም፤ ስለዚህ እንደ ጽሑፍ ይተወዋል። ጳጉሜ 5ን 05/13/2018 ሲል ሜይ 13 ሆኖ ቁጭ ይላል። ሦስቱም በአንድ ዓምድ ውስጥ ጎረቤት ናቸው። ሴሉን አስተውላችሁ ካያችሁ ጽሑፍ የሆነው ወደ ግራ ተጠግቷል፣ ቀን የሆነው ወደ ቀኝ። ምልክቱ እሱ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የግልገሉ ዕድሜ ተቀንሶ ሲሰላ አንዱ 40 ቀን፣ ሌላው ከዜሮ በታች፣ ሌላው ባዶ ይወጣል።

መፍትሔው ቀን፣ ወር፣ ዓመት ለየብቻ በሦስት ዓምድ መጻፍ ነው፤ ማሽኑ ይቀይረው። ቀመሩ፦

365 × (ዓመት − 1) + (ዓመት ÷ 4፣ ቀሪው ተጥሎ) + 30 × (ወር − 1) + ቀን − 690,799

የሚወጣው የኤክሴል የቀን ቁጥር ነው፤ ሴሉን የቀን ቅርጽ ስትሰጡት የፈረንጅ ቀን ሆኖ ይታያል። ከመጠቀማችሁ በፊት በእነዚህ ፈትኑት፦ መስከረም 1/2000 → 39,337 (ሴፕቴምበር 12፣ 2007)። ጥር 11/2015 → 44,945 (ጃንዋሪ 19፣ 2023)። ጳጉሜ 6/2015 → 45,180፣ መስከረም 1/2016 → 45,181፤ በሁለቱ መካከል ልክ አንድ ቀን መኖር አለበት። ፋይሉ በድሮ ማክ የተጀመረ ከሆነ የቀን መነሻው ስለሚለይ ሁሉም በ1,462 ቀን ይዛነፋል፤ ያኔ ቀመሩን ሳይሆን የፋይሉን ቅንብር አስተካክሉ።

ጳጉሜ 6 የሚፈቀደው ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ፣ ማለትም በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ብቻ ነው። በእናንተ 10 ዓመት ውስጥ 2019፣ 2023 እና 2027 ይገባሉ። ሌላ ዓመት ላይ ጳጉሜ 6 ከተጻፈ ቅጹ ይመልሰው።

የተጻፉትን ሦስት ዓምዶች ከቀየራችሁ በኋላ አታጥፏቸው። ቀመሩ ተሳስቶ ቢገኝ መመለሻችሁ እነሱ ናቸው።

በስልክ የምትመዘግቡ ከሆነ ኦዲኬ (ቅጽ በስልክ የሚሞላበት ፕሮግራም) ላይ ለቀን ጥያቄው የኢትዮጵያን አቆጣጠር መልክ መምረጥ ይቻላል፤ መዝጋቢው ጥቅምት፣ ኅዳር እያለ ይመርጣል፣ ከውስጥ የሚቀመጠው የፈረንጅ ነው። ሰዓት ላይ ግን ስልኩ 9፡00 ሲል መዝጋቢው ጠዋት 3 ሰዓት ይላል። በወረቀት ቅጽ ላይ «3፡00» ብቻ ተጽፎ ከመጣ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም፤ «ጠዋት» የሚለው ቃል አስቀድሞ ይታተምበት።

አሁን ብዙዎች ወደማያዩት ልግባ። አርሶ አደሩ ግልገሏ መቼ ተወለደች ሲባል «በኅዳር ሚካኤል ማግስት» ይላል። ይህ ጥሩ ነው፤ ኅዳር 13 ማለት ነው፣ «ከሦስት ሳምንት በፊት» ከሚል ግምት በእጅጉ ይሻላል። ለመዝጋቢዎቹ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ አዘጋጁ፦ ልደታ 1፣ ባታ 3፣ አቦ 5፣ ሥላሴ 7፣ ሚካኤል 12፣ ኪዳነ ምሕረት 16፣ ገብርኤል 19፣ ማርያም 21፣ ጊዮርጊስ 23፣ ተክለ ሃይማኖት 24፣ መድኃኔዓለም 27፣ በዓለ ወልድ 29። ችግሩ ውልደቱ ሁሉ 12፣ 21፣ 27 ላይ መከመሩ ነው። ስለዚህ «የቀኑ እርግጠኛነት» የሚል ዓምድ ጨምሩ፤ 1 መዝጋቢው በ24 ሰዓት ውስጥ ደርሶ ያየው፣ 2 በበዓል የታወሰ፣ 3 ወሩ ብቻ የታወቀ። ደረጃ 3 የሆነ ግልገል የ90 ቀን ስሌት ውስጥ አይግባ።

ከቀኑ ሦስት ዓምዶች ውጭ «ዓመት» የሚል ሌላ ዓምድም አይኑር። በጀት ዓመት 2018 የጀመረው ሐምሌ 1/2017 ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ የተወለደ ግልገል ለወረዳው ሪፖርት የ2018፣ ለባለቤቱ የ2017፣ ለረጂው ድርጅት የ2025 ነው። ቀኑ ካለ ሦስቱም ዓመቶች ይሰላሉ።

ፊደል_ገበታ · ኅዳር 10፣ ቀን 7፡05

ስም ላይ ያለው ጣጣ ደግሞ የራሱ ነው። ፀሐይ፣ ጸሀይ፣ ፀሀይ፣ ጸሐይ ለማሽን አራት ሰው ናቸው። ሰውየውን አንድ ማድረግ የመለያ ቁጥሩ ሥራ እንጂ የስሙ አይደለም፤ ግን ፍለጋ ላይ ስሙ ያስፈልጋል። ስሙን ባለቤቱ እንደሚጽፈው በአንድ ዓምድ አስቀምጡ፣ በሁለተኛ ዓምድ ለፍለጋ ብቻ የተጠረበውን። ጠረባው፦ ሐ እና ኀ ከነዘራቸው ወደ ሀ፣ ሃ፣ ሓ እና ኃም ወደ ሀ፤ ሠ ወደ ሰ፤ ዐ፣ ዓ እና ኣ ወደ አ፤ ፀ ወደ ጸ። የመጀመሪያውን ዓምድ በጠረባው ማረም ክልክል ይሁን፤ ሰው ስሙ ሲበላሽ ይቀየማል፣ መታወቂያው ላይ ካለውም ይለያል።

እዝባር ያለበት አጻጻፍ ቅጹ አይቀበል። ኃ/ማርያም ኃይለ ማርያም እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ተ/ማርያም ግን ተክለ ነው ተስፋ? በማሽን «ወ/»ን ወደ «ወልደ» እናስፋ ያለ ሰው ደግሞ ወ/ሮዎቹን ሁሉ «ወልደሮ» ያደርጋቸዋል።

የድሮ ፋይል ካላችሁ ቅርጸ ፊደሉን እዩ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (ዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት ደረጃ) ውስጥ የገባው በፈረንጅ 1999 ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የድሮ ሥሪት የተጻፈ ሰነድ ፊደሉ ከሌለ የላቲን ዝብርቅርቅ ነው። ፊደሉ የተጫነበት ኮምፒውተር ገና ሳለ ቀይሩት።

ከኤክሴል ወደ ሲኤስቪ (ሰንጠረዥን በተራ ጽሑፍ የሚይዝ ፋይል) ስታወጡም ዝርዝሩ ውስጥ ሁለት ሲኤስቪ አለ። ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ምረጡ። ሌላኛው ግዕዙን ሁሉ የጥያቄ ምልክት ያደርገዋል፤ ያ ደግሞ የማሳያ ችግር አይደለም፣ ፊደሉ ጠፍቷል፣ አይመለስም።

ሞላሌ_ዳታ · ኅዳር 10፣ ማታ 1፡30

እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። የአርሶ አደሩን የፋይዳ ቁጥር የቤተሰብ መለያ ብናደርገው አይሻልም? ሰርቨር ስለማቆምስ ምን ትላላችሁ?

ኬብል_ከደብረብርሃን · ኅዳር 10፣ ማታ 2፡00

ፖስትግሬስ የሚባለውን የዳታቤዝ ሰርቨር አቁሙ። ነፃ ነው፣ ብዙ ሰው በአንዴ ይጽፍበታል፣ ማን ምን እንዲያይ በመብት ይከፋፈላል። 8 መዝጋቢ እያለ ዳታን በአንድ ላፕቶፕ ፋይል ማድረግ ለእኔ አይዋጥም። አንድ ትንሽ ኮምፒውተር፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚያቆይ ባትሪ)፣ በየሌሊቱ ራሱ የሚወጣ ቅጂ፤ በቃ።

ሰንጠረዥ_ሠሪ · ኅዳር 10፣ ማታ 2፡45

ወንድሜ ኬብል፣ መሣሪያው ግሩም ነው፤ ጥያቄው በ6ኛው ዓመት ማን ያድሰዋል ነው። አንድ የፖስትግሬስ ዋና ሥሪት ድጋፍ የሚያገኘው 5 ዓመት ነው። በ10 ዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ወደ አዲስ ሥሪት መሻገር ግድ ነው፤ ዛሬ የሚያቆመው ልጅ ያኔ አዲስ አበባ ተቀጥሮ ሄዷል። ደግሞ 8ቱ መዝጋቢዎች በአንዴ አይጽፉም። ቅጽ ይዘው ይመጣሉ፣ የሚያስገባው አንድ ሰው ነው።

ለዚህ ልክ ሰርቨር የማይፈልገው የዳታቤዝ ፕሮግራም ኤስኪውላይት ይበቃል። ሙሉው ዳታቤዝ አንድ ፋይል ነው፤ 96,000 ረድፍ ጥቂት አሥር ሜጋባይት ቢሆን ነው። አዘጋጆቹ የፋይሉን ቅርጽ እስከ 2050 እንደሚደግፉ ቃል ገብተዋል። ሁለት ነገር ግን አይደረግም። ፋይሉን በጋራ የኔትወርክ ፎልደር ላይ አስቀምጦ ከሁለት ኮምፒውተር መክፈት አይቻልም፣ ይበላሻል። ፕሮግራሙ ክፍት ሆኖ ፋይሉን በኮፒና ፔስት መቅዳትም እንዲሁ፤ የግማሽ ጽሑፍ ቅጂ ይወጣል፣ ያን ደግሞ የምታውቁት በተቸገራችሁ ቀን ነው። የራሱ የባክአፕ ትእዛዝ አለው፣ እሱን ተጠቀሙ።

ቦታ የሚበላው ፎቶ ነው። ለያንዳንዱ ግልገል አንድ 2 ሜጋባይት ፎቶ ቢነሳ በ10 ዓመት 48 ጊጋባይት ነው። ፎቶ ዳታቤዝ ውስጥ አይግባ፤ በፎልደር ይቀመጥ፣ የፋይሉ ስም የበጉ መለያና ቀኑ ይሁን።

ስለ ፋይዳ፦ መለያ አታድርጉት። የሌለው ሰው ይመጣል፣ በስህተት የተጻፈውን ማረም ደግሞ ሁሉንም ሰንጠረዥ መንካት ነው። ሌላው ምክንያት ሕግ ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ስም፣ ስልክና የመታወቂያ ቁጥር በተለየ ፋይል፣ በይለፍ ቃል፣ ሁለት ሰው ብቻ በሚከፍተው ይሁን። የሚዛኑ ሰንጠረዥ ላይ የቤተሰብ ቁጥር ብቻ ይታይ። ያኔ ዳታውን ለተማሪም ለተመራማሪም ሳትሰጉ ትሰጣላችሁ።

ኬብል_ከደብረብርሃን · ኅዳር 10፣ ማታ 3፡10

የ5 ዓመቱ ነገር እውነት ነው፣ እቀበላለሁ። ዩፒኤሱ ግን ይቅር አልልም። ላፕቶፑም ቢሆን ባትሪው ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ ይደክማል፤ ከዚያ ወዲያ መብራት በሄደ ቁጥር እየጻፈ ነው የሚጠፋው።

ሚዛን_ተቆጣጣሪ · ኅዳር 11፣ ጠዋት 2፡30

ዳታቤዙን ተዉትና መስኩን እንይ፤ ስህተት የሚወለደው በረት ውስጥ ነው።

ወረቀትን አትናቁት። ስልክ ቢኖርም የመጀመሪያው ጽሑፍ በወረቀት ይሁን፣ በእርሳስ። በመንዝ ጉምና ካፊያ የእስክሪብቶ ቀለም ይፈሳል፣ እርሳስ አይፈስም። ስህተት በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ልኩ ከጎኑ ይጻፋል፣ መዝጋቢው ይፈርማል። ላጲስና ፍሉድ ከቦርሳ ይውጡ።

ሁለት ዓይነት ሚዛን ያስፈልጋል። በ200 ግራም የሚቆጥር 50 ኪሎ ተንጠልጣይ ሚዛን ለትልቁ በግ ጥሩ ነው፤ 2.4 ኪሎ ግልገል ላይ ግን አንድ ጭረት መሳት 8 በመቶ ነው። ለውልደት 10 ኪሎ የሚደርስ፣ በ50 ግራም የሚቆጥር ያዙ። እያንዳንዱ ሚዛን ቁጥር ይጻፍበት፣ ቁጥሩም ቅጹ ላይ ይግባ። በየወሩ ባለ 5 ሊትር ጄሪካን ባዶውን መዝኑ፣ እስከ 5 ሊትር ውሃ በመለኪያ ሞልታችሁ መዝኑ፤ ልዩነቱ 5 ኪሎ መሆን አለበት። ውጤቱ በሚዛኑ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ሚዛን ቁጥር 3 ከጥር ጀምሮ 300 ግራም እንደሚጨምር በሰኔ ብታውቁ፣ የትኞቹ ረድፎች እንደተነኩ የምታወጡት በዚያ ዓምድ ነው። ዓምዱ ከሌለ የ6 ወሩ ሁሉ ይጠረጠራል።

ማንጠልጠያ ጆንያው ሲረጥብ ይከብዳል። ከ10 በግ በኋላ ዜሮውን መልሱ።

ቢሮ ውስጥ በየወሩ አንድ ቀላል ፍተሻ፦ ከነጥብ በኋላ ያለውን አኃዝ በየመዝጋቢው ቁጠሩ። በ100 ግራም የሚነበብ ሚዛን ከሆነ ከ0 እስከ 9 ያሉት ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። ከግማሽ በላዩ 0 እና 5 ከሆነ መዝጋቢው እየገመተ ነው። አትቆጡት፤ ሄዳችሁ ሚዛኑ በዓይን ልክ መሰቀሉን እዩ፣ ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ስለሚሰቀል ነው።

ገደብ ሁለት ዓይነት ይሁን። የውልደት ኪሎ ከ1 በታች ወይም ከ4.5 በላይ ከሆነ «እርግጠኛ ነህ?» ይበል፣ ይለፍም። ከ7 በላይ ከሆነ አይለፍ፤ ብዙውን ጊዜ 24 የተጻፈው 2.4 ነው። ሁሉንም ገደብ የማይታለፍ ካደረጋችሁት መዝጋቢው ማሽኑ የሚወደውን ቁጥር መጻፍ ይለምዳል።

ደጋ_ዝናብ · ኅዳር 11፣ ቀን 6፡15

ስለ ዝናቡ ባጭሩ። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ይነበብ፣ ባዶው እንኳ። 0 ማለት ታይቶ ዝናብ አልነበረም፤ ባዶ ማለት አልታየም። ሁለቱ ከተቀላቀሉ የበልግ ዝናብ መቅረቱን ከአንባቢው መቅረት መለየት አይቻልም። እሑድ ሳይነበብ ሰኞ የሁለት ቀኑ አንድ ላይ ከተለካ «የተጠራቀመ 2» ብለው ይጻፉት፣ ለሁለት አይክፈሉት። ጠዋት የተነበበው በአብዛኛው ያለፈው ቀን ዝናብ ስለሆነ ለየትኛው ቀን እንደሚጻፍ አንዴ ወስናችሁ ቅጹ ራስጌ ላይ አትሙ።

መለኪያው የተተከለበት ቦታ፣ ከፍታውና የተዛወረበት ቀን ራሱን የቻለ ሰንጠረዥ ነው። አንዲት ጥድ ተፋሰስ ላይ፣ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና መንገድ፣ ከ1982 በፈረንጅ ጀምሮ ዝናብና የጅረት ፍሰት ይለካል። እንዲህ ካለ ረጅም ተከታታይ ልኬት ጋር የእናንተን ለማነጻጸር የሚቻለው የመሣሪያችሁ ታሪክ ከተጻፈ ብቻ ነው።

አውራ_መራጭ · ኅዳር 11፣ ማታ 1፡50

አባት የሚለው ዓምድ አሳሳች ነው። በጋራ ግጦሽ ላይ የትኛው አውራ እንዳጠቃ ማንም አላየም፤ ቅጹ አባት ግዴታ ነው ካለ መዝጋቢው የሰፈሩን ትልቅ አውራ ይጽፋል። ከአንድ አባት ይልቅ የአውራ ቡድን መዝግቡ፤ የትኛው አውራ በየትኛው መንጋ ከመቼ እስከ መቼ ነበር የሚል ሰንጠረዥ። የበግ እርግዝና 150 ቀን ያህል ስለሆነ ከውልደት ቀን 150 ቀን ወደ ኋላ ተቆጥሮ፣ 5 ቀን ግራና ቀኝ ተሰጥቶ፣ ያኔ መንጋው ውስጥ የነበረው አውራ በስሌት ይወጣል። አውራዎች በጎጦች መካከል ሲዛወሩ ሁለት ሳምንት ያህል ክፍተት ካለ መልሱ አንድ ይሆናል። ክፍተት ከሌለ ሁለት ይወጣሉ፤ ሁለቱንም ጻፉ፣ አንዱን አትምረጡ።

በመንዝ በማኅበረሰብ የሚመራው የበግ ዝርያ ማሻሻያ ከ2009 በፈረንጅ ጀምሮ የቆየ ነው። የቀለም፣ የጭራና የቀንድ ኮዳቸውን አግኝታችሁ ያንኑ ውሰዱ። አዲስ ኮድ መፍጠር ደስ ይላል፣ ግን በኋላ ሁለቱን ለማዋሓድ ወራት ይፈጃል።

ቦክስ_ፋይል · ኅዳር 12፣ ጠዋት 4፡00

ማንም ያላነሳውን ላንሳ፦ የዳታ መዝገበ ቃላት። ለያንዳንዱ ዓምድ አንድ ረድፍ፤ ስሙ፣ ምን ማለት እንደሆነ፣ በምን እንደሚለካ፣ የሚፈቀዱ ኮዶች፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚጠየቅ፣ መቼ እንደቀረ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ይረሳሉ። በ4ኛው ዓመት «ግልገሉ ክትባት አግኝቷል?» የሚል ጥያቄ ብትጨምሩ የመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት ባዶ ይሆናሉ፤ ቀኑ ካልተጻፈ በኋላ የሚመጣ ሰው ባዶውን «አላገኘም» ብሎ ያነበዋል። ለዚሁ ሲባል የቅጹ ሥሪት ቁጥር በየረድፉ ይግባ። የኮድ ትርጉም በጭራሽ አይቀየር፤ 3 «ተሸጠ» ከነበረ እስከ መጨረሻው «ተሸጠ» ነው፣ አዲስ ነገር ሲመጣ አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል።

የገባ ቁጥር ሲታረም የድሮው አይጠፋም። አንድ የእርማት ሰንጠረዥ፦ የትኛው ሰንጠረዥ፣ የትኛው ረድፍ፣ ምን ነበር፣ ምን ሆነ፣ ማን፣ መቼ፣ ለምን።

ቅጂ፦ ሦስት ቦታ፤ ላፕቶፑ፣ ቢሮ ያለ ውጫዊ ዲስክ፣ ሌላ ከተማ ያለ ሌላ ዲስክ። ሞላሌ ቢሮ ያለው በየሳምንቱ፣ ደብረ ብርሃን የሚሄደው በየወሩ። ፍላሽ ለማጓጓዝ እንጂ ለማስቀመጥ አይሁን፤ ሾርትከት ቫይረስ አንዴ ከገባ ፎልደሮቹን ይደብቅና እንደጠፉ ያስመስላል፣ ሰውም ደንግጦ ፎርማት ያደርገዋል። ከእያንዳንዱ ቅጂ ጋር የፋይሉን አሻራ (ፋይሉ በትንሹ ቢለወጥ የሚለወጥ ኮድ) በሻ-256 አውጥታችሁ በደብተር ጻፉ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሐምሌ 1 ብትሉት ይቀላል፣ ከሩቁ ዲስክ ቅጂውን በሌላ ኮምፒውተር ክፈቱና 20 በግ በዕጣ አውጥታችሁ ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ። ያኔውኑ ሰንጠረዦቹን ሁሉ በሲኤስቪ አውጥታችሁ ከመዝገበ ቃላቱ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ አኑሩ፤ ፕሮግራሙ ቢቀርም እሱ በማንኛውም ይነበባል።

ወረቀቱ በማኅበርና በወር በቦክስ ፋይል፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ። አይጥና እርጥበት ከቫይረስ አይተናነሱም።

ሞላሌ_ዳታ · ኅዳር 12፣ ማታ 2፡20

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ መለያውን፣ ቀኑንና ይዞታውን እንደገና እየሠራነው ነው። አንድ የቀረኝ፦ በሙከራ ምዝገባው የጆሮ ቁጥር 0412 ሁለት ቤት ተገኝቷል፣ ሁለቱም በሕይወት ያሉ እናት በጎች ናቸው። አንደኛውን እንሰርዝ?

ሰንጠረዥ_ሠሪ · ኅዳር 12፣ ማታ 3፡00

አትሰርዙ። ሁለቱም እውነተኛ በጎች ናቸው፤ የተደገመው ፕላስቲኩ ነው። መጀመሪያ ወረቀቱን አውጡ፤ 0412 እና 0421 ሆኖ በመግባት ላይ የተገላበጠ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ እርማት ሰንጠረዡ ላይ ገብቶ ያልቃል። ወረቀቱም 0412 ካለ አንድ ሰው ሁለቱም ቤት ሄዶ ጆሮውን በዓይኑ ይይ። ሁለቱም በእርግጥ 0412 ካሠሩ አንድ ቁጥር ያላቸው ሁለት እሽጎች ተገዝተዋል ማለት ነው፤ የቀሩትን ቁጥሮችም ከመጋዘን ቁጠሩ፣ ድግሙ 0412 ላይ አይቆምም።

ከዚያ ለሁለቱም የተለያየ የበግ መለያ ስጡ። ግልገል ያልተመዘገበላት የቱ ናት? እሷን አዲስ የጆሮ ቁጥር አስሩላት። የጆሮ ቁጥር ሰንጠረዡ ላይ የ0412ን «እስከ መቼ» በዚያ ቀን ዝጉ፣ ምክንያቱን «ድግም» በሉ፣ አዲሱን ከዚያው ቀን ክፈቱ። እስካሁን በ0412 ስም የገቡት ሚዛኖች የየቷ እንደሆኑ በመዝጋቢውና በቤተሰብ ቁጥሩ ይለያሉ። በዚህም የማይለዩት ካሉ የበግ መለያቸው ባዶ ይሁን፣ «እናቲቱ ያልተለየች» የሚል ኮድ ይሰጣቸው። የወለቀውን 0412 ፕላስቲክ ደግሞ መልሳችሁ እሽጉ ውስጥ አትክተቱት፤ ቁረጡት።